ጅብ የሚጨርሰው ሥራ

በእኛ አገር በሬ ሲያረጅ ተቀልቦ ይታረዳል። በግ ሲታረድ ወደ ምሥራቅ ዞሮ «በስመ አብ» ተብሎበት ነው፤ ቢላው በደንብ ካልተሳለም አራጁ ይሰደባል። ሥጋቸው የማይበላው ግን፣ ፈረሱና በቅሎዋ፣ አህያዋና ውሻው፣ ቢላም የላቸው፣ በስመ አብም የላቸው። ወገባቸው ሲጎብጥ ወይ እግራቸው ሲሰበር ከመንደር አሻግረው ጫካ ዳር ይተዉአቸውና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ቀሪውን ጅብ ይጨርሰዋል። በማግስቱ ወደዚያ ቦታ ሄዶ የሚያይ ሰው የለም። «እጄን አላነሣሁባትም» ይላል ባለቤቱ። እውነቱን ነው፣ አላነሣም።

ይህን የሚያደርጉት ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ንዴቴ ገና ድሮ በወጣልኝ ነበር። ክፉ ሰው የሌለበት አገር የለም። እኔን ዕድሜዬን ሙሉ ሲያናድዱኝ የኖሩት ደጎቹ ናቸው። ለእንግዳ መደባቸውን ለቀው መሬት የሚተኙ፣ ለማያውቁት ሟች የሚያለቅሱ፣ የቆሎ ተማሪ ደጃቸው ላይ ሲቆም ቁራሽ ሳይሰጡ የማያሳልፉ ሰዎች ናቸው ያረጀች አህያቸውን በገመድ እየጎተቱ ለጅብ ጥለዋት የሚመጡት። ከዚያ ገብተው እራታቸውን ይበላሉ።

እኔም ከእነሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። የእንስሳት ጤና በዲፕሎማ ስማር ስለ ከብት አወላለድ ሳምንታት ተምረናል፤ ስለ አሟሟት የተማርነው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ቃሉም «ማስወገድ» ነበር። የሞተ ይወገዳል፣ የማይድን ይወገዳል፣ ጊዜው ያለፈበት ክትባት ይወገዳል፤ ሦስቱም በአንድ ገጽ ላይ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበት፣ ፈተና ላይ ሲመጣ በደንብ መለስኩት።

የመጀመሪያ ሥራዬ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነበር፤ ስሟን አልጠራም። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ሞተና በባለቤት አልባ ውሾች ላይ ዘመቻ ተባለ። መርዙን በሥጋ ውስጥ እየከተትኩ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ወዲያው ይሞታሉ ተብዬ ነበር። ወዲያው አልሞቱም። ዝርዝሩን አልጽፈውም፤ ነገር ግን ልጆች ትምህርት ቤት የሄዱት መንገድ ላይ በሚንፈራገጡ ውሾች መሀል እየተሻገሩ ነው።

ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት ውሻዋን በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አዝላ መጣች። ታስሮ የሚውል ውሻ ነው፤ የዚያን ቀን ገመዱን በጥሶ ወጥቶ ከሥጋው በልቷል። አድኚልኝ አላለችኝም፣ እንደማይድን አይታዋለች። ቶሎ እንዲያልፍለት አንድ ነገር አድርጊለት ብላ ነው የለመነችኝ። ምንም አልነበረኝም። የሚያሰቃይ መርዝ እንጂ የሚያሳርፍ መድኃኒት መንግሥት አልሰጠኝም፣ እኔም ይኖር እንደሁ ጠይቄ አላውቅም። ደጃፌ ላይ፣ እቅፏ ውስጥ ሆኖ እስኪጨርስ ድረስ ቆሜ አየሁ። ከሰዓት በኋላ «ዘመቻው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩና ፈረምኩ። ያንን ፊርማዬን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ ለዚያች ሴት ያልነበረኝን ነገር ፍለጋ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ አንጋፋ የእንስሳት ዶክተር ነበሩ። ሰው ሁሉ ስለ ክትባት ሲጠይቃቸው እኔ ስለ ሞት ስጠይቃቸው መጀመሪያ ሳቁብኝ። ሁለተኛ ቀን ስመለስ ግን አልሳቁም። መጀመሪያ የሚያስተኛ መርፌ፣ እንስሳው ጭልጥ ብሎ ሲተኛ ደግሞ ልብ የሚያቆመው በደም ሥር። እጄን ይዘው አሳዩኝ። አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፦ በዚያ መድኃኒት የሞተ እንስሳ ሥጋው መርዝ ነው፤ በጥልቅ ጉድጓድ ካልተቀበረ አሞራውንም ውሻውንም ይጨርሳል።

ጥቂት ቆይቶ ዝውውሬ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ ሆነ፤ ሮብ ገበያ ከምትባል ትንሽ ከተማ ወደ ላይ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ። ክሊኒኩ አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤትና ከብት የሚያዝበት የእንጨት አጥር ነው። ውርጩ አጥንት ይሰብራል። እዚያ ቀበሌ ቅኔ የሚያስተምሩ አንድ የኔታ ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸው ከየአገሩ ደበሎ ለብሰው የሚመጡላቸው፣ ቃላቸው ከፍርድ ቤት በላይ የሚከበር ሽማግሌ። አንዲት አመድማ በቅሎ ነበረቻቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ከደብር ደብር አመላልሳቸዋለች። ማንም አለንጋ እንዲያነሣባት አይፈቅዱም። ከተዝካር ሲመለሱ ከድርሻቸው ዳቦ ቆርሰው በመዳፋቸው ያበሏት ነበር፤ አንድ ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህች በቅሎ አንድ ጠዋት ውርጭ ላይ አዳልጧት የፊት እግሯ ተሰበረ። ወጌሻ መጥቶ በቀርከሃ ስንጥር ጠፍንጎ አሰረው። እኔ የተጠራሁት ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ የመጣው ተማሪ ማሰሪያውን አጥብቂላት ተብለሻል አለኝ። ሰኞ ነበር። ማሰሪያውን ሳልፈታ ሽታው ነገረኝ። ስፈታው አጥንቱ ወጥቷል፣ ሥጋው በስብሷል፣ ትል አለበት። በቅሎዋ ራሷን ማንሣት አቅቷት ጆሮዋን ብቻ የኔታ ወደሚናገሩበት ትመልሳለች። አሥር ቀን ሙሉ እንደዚያ ሆና ኖራለች፤ ሁሉም በየማለዳው እየመጣ «እግዜር ይማርሽ» ብሏት ይሄዳል።

እንደማትድን ለየኔታ ነገርኳቸው። ሳትሰቃይ ላሳርፋት እችላለሁ፣ መድኃኒቱን ግን ከማርቆስ ማምጣት አለብኝ፣ ከዚያም መቀበር አለባት አልኳቸው። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር አጠገባቸው ቆመው ነበር፤ የአባቴ እኩያ፣ ድምፃቸው ገደል የሚያስተጋባ፣ ሮብና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ሰው። የኔታን ነፍስ ገዳይ ልታደርጊያቸው ነው ወይ ብለው ተቆጡኝ። የፈጠራት እግዜር ራሱ ይውሰዳት አሉ።

«ጅቡን ነው እግዜር የሚሉት?» አልኳቸው።

የቆመው ሰው ሁሉ አማተበ። ሊቀመንበሩ ግን ወዲያው ነገሩን ወደ ቀልድ አዞሩት፤ ለበቅሎ መቃብር ከተቆፈረላት ፍትሐቱንስ ማን ያድርስላት፣ ዕድሩስ ድንኳን ይትከል ወይ እያሉ ሰዉን አሳቁት። የኔታ አልሳቁም። መድኃኒቱን እንዳመጣ ነገሩኝ። እስክመለስ እዚያው ግቢ ውስጥ እንድትቆይ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ።

ማክሰኞ በማለዳ ማርቆስ ወረድኩ። መድኃኒቱ በአንድ መጋዘን መደርደሪያ ላይ አለ፤ ከባንኮኒው ማዶ ቆሜ ዕቃውን በዓይኔ አየዋለሁ። መጋዘን ጠባቂው ለምን እንደምፈልገው ሲሰማ ለአንዲት በቅሎ መድኃኒት እንደማይባክን፣ ያንን ሥራ ጅብ በነጻ እንደሚሠራው አስረዳኝ። ጮህኩበት። ይህን ጊዜ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጪ አለኝ። ደብዳቤው ተጻፈ፤ ማኅተሙን የያዘው ሰው ምሳ ወጥቷል። ከምሳ ሲመለስ ስብሰባ ገባ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ደቂቃ በዚያች በቅሎ እግር ላይ ቆጠርኩት። ማኅተሙ ያረፈው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ወደ ላይ የሚወጣ መኪና የለም። መድኃኒቱን ታቅፌ ማርቆስ አደርኩ።

በማግስቱ የሮብ ገበያ ቀን ስለሆነ አይሱዙ አልጠፋም። ከነጋዴዎቹ ጋር ከማዳበሪያ ላይ ተቀምጬ ወጣሁ፤ ቀሪውን በእግሬ ሮጥኩት። ግቢው ስደርስ የበቅሎዋ ቦታ ባዶ ነው። ጭቃው ላይ የመጎተት ምልክት አለ። የኔታ ከዛፉ ሥር ጉባኤ ዘርግተው ያስተምራሉ። ሲያዩኝ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

ነገሩን ከተማሪዎቹ አንዱ ነገረኝ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ መጥተው ሐኪሟ ቀርታለች፣ በቅሎዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም አጠገብ ከሞተች ደግሞ ነውር ነው ብለዋል። የኔታ «እንደ ወደዳችሁ» ብለው ወደ ጎጇቸው ገብተው በሩን ዘግተዋል። የሰፈሩ ሰዎች ስምንት ሆነው በመጫኛ ጎትተው ከወንዙ ማዶ፣ ከቀርከሃው ጫካ ዳር አደረሷት።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ዛሬም አልጸጸትበትም። በተማሪዎቹ መሀል አልፌ የኔታ ፊት ቆምኩ።

«ከትናንት ወዲህ ሄደው አይተዋታል?»

«አላየሁም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ይነሡ። አብረን እንሂድና ይዩዋት።»

የኔታን እንደዚያ ያናገራቸው ሰው ኖሮ አያውቅም። እዚያው የነበሩት ሊቀመንበርም ከወዲያ ሆነው «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዥ» አሉኝ። እኔ ግን ለብዙ ዓመት የታመቀ ንዴት ነበረኝ፤ ለዚያች ሴት ውሻ፣ ለራሴ ፊርማ፣ ለማኅተሙ፣ ለሁሉም። አንቱታውን ለማንም አልነፈግኩም፤ ድምፄን ግን ዝቅ አላደረግኩም። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

ሊቀመንበሩ ከኋላችን ተከተሉን። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እያሉ ሲያጉረመርሙ እሰማቸዋለሁ፤ እኔን ለመንካት ነው። ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን ቆሙ። እዚህ ሆኜ እጠብቃችኋለሁ አሉ። ያ ሁሉ ድምፅ የነበራቸው ሰውዬ ከወንዙ ወዲህ ቀሩ።

በቅሎዋ አልሞተችም። ጅቦቹ ከኋላዋ ጀምረው ነበር፤ ሲነጋ ወደ ገበያ የሚያልፍ ሰው አባሯቸው መሆን አለበት። ያ ያለፈው ሰውም አይቷት ይሆናል፣ አይቶም መንገዱን ቀጥሏል። የኔታ ሲያስሉ ሰማችና ጆሮዋን ወደ እሳቸው መለሰች።

የኔታ መሬት ላይ ተቀምጠው ራሷን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷት። የመጀመሪያውን መርፌ ወጋኋት። ጥቂት ቆይታ የዓይኗ ሽፋን ወረደ፣ አንገቷ ከበደ። የኔታ ግንባሯን እየዳበሱ በግዕዝ የሆነ ነገር ያነበንባሉ። ሁለተኛውን ሰጠኋት። የኔታ ማለፏን እንኳ አላወቁም፤ እኔ ነኝ የነገርኳቸው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ተሸከመችኝ» አሉ። «አንድ ቀን አብሬያት መቆም አቃተኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ተዉ እንጂ የኔታ፣ ምን ያድርጉ» ይላቸው ነበር። እኔ አላልኩም። አዎ፣ አቃትዎ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዶማ እንዲመጣላቸው ተማሪ ላኩ። በሰባ ምናምን ዓመታቸው የመጀመሪያውን አፈር የቆፈሩት እሳቸው ናቸው፤ ተማሪዎቹ ቆመው ማየት ነውር ሆነባቸውና ዶማውን ተቀበሏቸው። እስከ ቀትር ጉድጓዱ አለቀ።

ወሬው በዚያው ቀን ሮብ ገበያ ደረሰ። ለበቅሎ መቃብር ያስቆፈረች ሴት እየተባልኩ ለወራት ስሜ «የበቅሎ የነፍስ አባት» ሆነ። ልጆች ሳይቀሩ ሲያዩኝ «አባ ይፍቱኝ» እያሉ ይሳለሙኝ ነበር። ስለ መጋዘኑም የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። መልሱ ጥያቄሽ በሚቀጥለው በጀት ይታያል የሚል ነበር። እስካሁን እየታየ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ባለቤቱ የእንስሳውን ራስ በእጁ ካልያዘ መርፌ አልወጋም። ዲግሪዬን ጨርሼ፣ ዶክተር ተብዬ ማርቆስ ውስጥ የራሴን ትንሽ ክሊኒክ ስከፍትም ሕጉን አልለወጥኩም። ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተባት ወዲህ ውሻ በስም የሚጠራ፣ ድመት አልጋው ላይ የሚያስተኛ ሰው በዝቷል። እነዚህም ግን መጨረሻው ሲመጣ ከገበሬው አይለዩም። ውሻውን በር ላይ አስረው «ሲያልቅ ደውይልኝ» ብለው ሊሄዱ ይፈልጋሉ። በሞባይል መሆኑ ነው እንጂ ያው ከጫካው ዳር ጥሎ መመለስ ነው። አንዱን ውሻውን ትቶ ባጃጅ ሲሳፈር ደርሼበት ጎትቼ አስወርጄዋለሁ። እብድ ናት ብሎ አስወርቶብኛል። ያውራ።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት የክሊኒኬ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው አየሁ። ከስተው፣ ጎብጠው፣ ድምፃቸው ብቻ ሳይሆን ቁመታቸውም ቀንሶ ነበርና ወዲያው አላወቅኳቸውም። ያ የሰበካ ጉባኤ ሊቀመንበር ናቸው። በጋቢያቸው ጠቅልለው የያዙት ትልቅ የበግ ጠባቂ ውሻ ነው፤ መንጋጋው አብጦ አፉ አይከደንም። መብል ካቆመ ሳምንት አልፎታል። ከሮብ ገበያ በአይሱዙ ላይ ጭነውት መጥተዋል።

ይህን ቀን ለዓመታት ስጠብቀው ኖሬያለሁ። የምላቸውን በልቤ አጥንቼዋለሁ።

«ጫካው እኮ እርስዎ አገር ነው ያለው» አልኳቸው። «እስከዚህ ምን አደከመዎ?»

ፊቴን ሳዞር ተናገሩ፤ «ይህ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ ጅብ ሲያባርርልኝ ነው የኖረው። አሁን ለጅብ ልስጠው?»

«በቅሎዋስ?»

ውሻውን ከጋቢያቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀመሩ። ደጅ እጠብቃለሁ፣ ደም አልወድም አሉ። ደም የለውም አልኳቸው። ከወንዝ ወዲህ ቆሞ መጠበቅ አንድ ጊዜ ይበቃዎታል፣ ራሱን ይያዙ፣ አለበለዚያ ይዘውት ይመለሱ አልኳቸው። ጨክኜ ነው ያልኩት፤ ይዘውት ቢመለሱ ምን እንደምሆን ግን አላውቅም ነበር። ተመልሰው መጡ። በሁለት እጃቸው የውሻውን ራስ ያዙ። ውሻው ባበጠ አፉ የእጃቸውን ጀርባ ላሰ።

የመጀመሪያውን ወጋሁት። ዓይኑን ከእሳቸው ላይ ሳይነቅል እንቅልፍ ወሰደው። ትንፋሹ ረዘመ። ሁለተኛውን ሰጠሁት፣ ልቡን አዳመጥኩ፣ ማዳመጫውን አወረድኩ።

«አለቀ?» አሉኝ።

«አለቀ።»

እጃቸውን ከራሱ ላይ አላነሡም። የሚቀጥል ነገር ያለ ይመስል ጠበቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኸው ብቻ ነበር?»

«አዎ» አልኳቸው። «ይኸው ብቻ ነበር።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ቀስ ብለው መጥራት ጀመሩ፦ ዳማው ፈረስ፤ ልጃቸውን የዳሩበት ዓመት የተዉአት አህያ፤ ሌላዋ፣ ዓይኗ የጠፋው፤ ከእሷ በኋላ የነበረው ቡችላ እግሩን መኪና የሰበረው፤ የየኔታ በቅሎ። ይቆማሉ፣ ያስባሉ፣ ሌላ ያስታውሳሉ። እኔ መርፌዬን አጥቤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ አላስቆምኳቸውም።